የድንቹ ሙከራ እንዳይከሽፍ፦ ኦስሞሲስን በክፍል ውስጥ የማሳያ መመሪያ

የባዮሎጂ ትምህርት የሕዋስ ምዕራፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ከመምህራን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ድንቹን በጨው ውሃ ውስጥ አደረግነው፤ ነገር ግን ምንም አልሆነም። የአንዳንዱ ቡድን እንዲያውም ክብደት ጨመረ። ምን አጥፍተን ነው?»

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው የጨው መጠኑ ላይ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለምላስ ጨው ጨው ይላል፤ ለድንቹ ሕዋስ ግን ገና ቀጭን ነው። በሕዋሱ ውስጥ የተሟሟው ስኳርና ማዕድን ከውጭው ጨው ስለሚበልጥ ውሃው ወደ ድንቹ ይገባል፣ ድንቹም ይከብዳል። ስለዚህ ያ ቡድን ሙከራውን በትክክል ሠርቷል፤ ያገኘውን ውጤት የሚያስረዳው ሰው ብቻ አጣ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ቤተ ሙከራ ለሌለው፣ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ ከወጥ ቤትና ከሱቅ ይገኛል።

የምናሳየው ነገር

የድንች ነጩ ክፍል በሕይወት ባሉ ሕዋሳት የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ መርጦ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ተከቧል። ሽፋኑ ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ጨውና ስኳርን ግን በአብዛኛው ያግዳል። ውሃ በዚህ ሽፋን በኩል ያለማቋረጥ ይገባል፣ ይወጣልም። በውስጥና በውጭ የተሟሟው ነገር እኩል ሲሆን የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ይመጣጠናል። በአንዱ በኩል ሲበዛ ግን ወደዚያ የሚሄደው ውሃ ይበልጣል። ኦስሞሲስ የምንለው ይህንን ነው።

ሁለት ብርጭቆ ብቻ፣ ማለትም ንጹሕ ውሃና የጨው ውሃ፣ ከቀረበላቸው ተማሪዎቹ «ጨው ውሃ ይስባል» ብለው ይወጣሉ። ሦስተኛውን፣ ድንቹ ብዙም የማይለወጥበትን ብርጭቆ ሲያዩ ግን ነገሩ በውስጥና በውጭ መካከል ያለ ንጽጽር መሆኑ ይገባቸዋል። ስለዚህ ጊዜም ዕቃም ቢያጥርዎ ሦስተኛውን ብርጭቆ አይተዉት።

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ትልቅ፣ ጠንካራ፣ ያልበቀለና ያልተጨማደደ ድንች
- ሦስት ብርጭቆ (ከሌለ ከወገባቸው የተቆረጡ ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች)
- 40 ግራም ገደማ ደቃቅ የገበታ ጨው
- ለመለኪያ የሚሆን አንድ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከነክዳኑ
- የሻይ ማንኪያ
- ስለታም ቢላዋና መክተፊያ
- ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ
- ሶፍት
- ፕላስተርና እስክሪብቶ
- ከተገኘ ሚዛን

ስለ ድንቹ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቀን ተቀምጦ የተጨማደደ ድንች አስቀድሞ ውሃውን አጥቷል፤ ስለዚህ መጠነኛ ጨው ባለው ውሃ ውስጥም ሊያብጥ ይችላል። ከገበያ በቅርብ የመጣ፣ በጣት ሲጫኑት የማይረግብ ድንች ይምረጡ። ጨውን በተመለከተ ደግሞ ሻካራው ጨው ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ በማንኪያ ሲለካም በፍሬዎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ መጠኑ ይዛባል። ያለዎት ሻካራ ጨው ብቻ ከሆነ አስቀድመው ወቅጠው ያድቅቁት።

አሠራር

1. ብርጭቆዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፈው «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብለው ይጻፉ። የቡድኑን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ይጨምሩበት። ትምህርት ቤትዎ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚገቡት ተማሪዎች ምንነቱን ያላወቁትን ውሃ ሊደፉት ይችላሉ፤ ጽሑፉ ከዚህም ያድናል።

2. ውሃዎቹን ያዘጋጁ። «ሀ» ምንም ያልተጨመረበት ውሃ ነው። ለ«ለ» በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለ«ሐ» ደግሞ በግማሽ ሊትር አምስት የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ጨውን ከነቁልሉ አይስፈሩ፤ የማንኪያውን አፍ በቢላዋ ጀርባ ያስተካክሉት። በዚህ መልክ የተለካ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ከ5 እስከ 6 ግራም ይሆናል፤ ስለዚህ «ለ» 1 በመቶ ገደማ፣ «ሐ» ደግሞ ከ5 እስከ 6 በመቶ ጨው ይኖረዋል። ማንኪያዎች እኩል ስላልሆኑ፣ ከሠፈርዎ ሱቅ ሚዛን ላይ አሥር ማንኪያ ጨው በአንድ ጊዜ አስመዝነው ለአሥር ያካፍሉት። አንድ ጊዜ ካወቁት ለሁልጊዜ ይሆንዎታል።

   ጠርሙሱን ከድነው ከታች አንድም የጨው ፍሬ እስከማይታይ ድረስ ይናጡት። ሳይሟሟ የቀረ ጨው ከታች ካለ፣ ቁራጮቹ የሚነኩት የብርጭቆው ሥር ከላይኛው ክፍል የበለጠ ጨዋማ ይሆናል፤ ልኬቱም ትርጉም ያጣል። ጨው ቶሎ እንዲሟሟ ሲሉ ሙቅ ውሃ ከተጠቀሙ፣ ድንቹን ከመጨመርዎ በፊት ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ሙቀት የሕዋሱን ሽፋን ይገድላል፤ ሽፋኑ ከሞተ ኦስሞሲስ የለም።

3. ድንቹን ልጠው 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ዘጠኝ ቁራጮች ያውጡ። ከአንዱ ድንች ቢወጡ ይመረጣል። ሁለት ድንች በመልክ ቢመሳሰሉም በውስጣቸው ያለው ውሃና ስኳር ይለያያል፤ ከተለያዩ ድንቾች ከተቆረጠ የለወጠው ጨው ይሁን ድንቹ ማወቅ አይቻልም። ልጣጭ ፈጽሞ እንዳይቀር። የድንች ልጣጭ ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ አንድ ጎኑ ልጣጭ ያለበት ቁራጭ ከሌሎቹ ያነሰ ለውጥ ያሳያል። ለምን ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት ቁራጭ? አንዱ በስህተት ቢሰበር ወይም ቢዛባ የሁለቱ አማካይ እንዲተርፍዎ ነው።

4. እያንዳንዱን ቁራጭ በሶፍት ቀለል አድርገው ያድርቁ፤ ከዚያ ይለኩ። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይመዝግቡ። ተማሪዎቹ ቁራጩን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ እንዲያደርጉትና ምን ያህል እንደሚገትር እንዲጽፉ ያድርጉ። ይህ የጣት ምርመራ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከማስመሪያውም ከሚዛኑም በፊት ለውጡን የሚያሳየው እርሱ ነው።

   ሚዛን ካለዎት ይህን ያስተውሉ። አንድ ቁራጭ 5 ግራም ከምናምን ነው፤ ለውጡም ከአንድ ግራም አይበልጥም። 1 ግራም ድረስ ብቻ የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ፈጽሞ አያየውም። መፍትሔው የሦስት ቡድን የ«ሀ» ቁራጮችን፣ ማለትም ዘጠኙን፣ በአንድ ላይ መመዘን ነው። በድምሩ 48 ግራም ገደማ ይሆናሉ፤ ለውጡም በርካታ ግራም ስለሚሆን በግልጽ ይነበባል። «ለ» እና «ሐ»ንም እንዲሁ ያድርጉ።

5. ቁራጮቹን በሦስቱም ብርጭቆ ውስጥ በተመሳሳይ ሰዓት ያስገቡና ሙሉ በሙሉ እንዲሰምጡ ውሃ ይሙሉ። ጫፉ ከውሃ የወጣ ቁራጭ ከአየር ጋር እየተነካካ ይደርቃል። በ«ሐ» ውስጥ ቁራጩ ከተንሳፈፈ ጨው አብዝተዋል ማለት ነው፤ ድንች ከ5 እና ከ6 በመቶ የጨው ውሃ ስለሚከብድ መስጠም አለበት። ከተንሳፈፈ ውሃውን አዲስ ያዘጋጁ።

6. ይጠብቁ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የጣት ምርመራው ላይ ልዩነት ለማየት ይበቃል። በማስመሪያ የሚታይ ለውጥ ግን እስከ ማግሥቱ ያድር ዘንድ ይፈልጋል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕድል ብቻ ካለዎት ዝግጅቱን፣ ማለትም ተራ ቁጥር 1 እና 2ን፣ ቀደም ብለው ይጨርሱና ክፍለ ጊዜው እንደተጀመረ ቁራጮቹን ይዝፈቁ። ከአንድ ሌሊት በላይ ግን አያቆዩ፤ ድንቹ መሽተት ይጀምራል።

7. ከየብርጭቆው ያውጡና ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ያድርቁ፦ አንድ ጊዜ በሶፍት ጠቅልሎ ቀለል አድርጎ ጫን ማለት ይበቃል። አንዱን ጨምቀው ሌላውን ውሃ እያንጠባጠበ ከለኩ የመዘኑት የላዩን ውሃ እንጂ ድንቹን አይደለም። መጀመሪያ በጣት ይመርምሩ፣ ከዚያ ርዝመቱን፣ ከዚያ ክብደቱን ይውሰዱ። የየትኛው ብርጭቆ እንደሆነ እንዳይቀላቀል አንዱን ብርጭቆ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሂዱ።

8. ለውጡን በመቶኛ ያስሉ። የመጨረሻው ልኬት ሲቀነስ የመጀመሪያው፣ ለመጀመሪያው ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ 48 ግራም የነበረው 53 ከሆነ ጭማሪው 10.4 በመቶ ነው፤ 48 የነበረው 39 ከሆነ ቅናሹ 18.8 በመቶ ነው። መቶኛው የሚያስፈልገው ቡድኖች የቆረጡት ድንች መጠኑ እኩል ስለማይሆን ነው፤ በግራም ብቻ ካነጻጸሩ ወፍራም የቆረጠው ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል።

9. በማቆያው 40ኛ ደቂቃ ላይ ከ«ሐ» አንዱን የተልፈሰፈሰ ቁራጭ አውጥተው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይመልሱት። ከአንድ ሰዓት በኋላና በማግሥቱ በጣት ይመርምሩት። መልሶ ከገተረ ሕዋሳቱ አልሞቱም፣ የወጣውም ውሃ ተመልሶ ገብቷል። ይህን ሙከራ ሌሊቱን በ«ሐ» ባደረው ቁራጭ አይሞክሩት፤ ያን ያህል የቆየባቸው ሕዋሳት ሊሞቱ ስለሚችሉ መልሰው ላይገትሩ ይችላሉ።

የሚያዩት ምንድን ነው?

የ«ሀ» ቁራጭ ግትር ይላል። ጎንበስ ሲያደርጉት ሳይታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ይህ ድምፅ ከኋላ ወንበር ድረስ ስለሚሰማ ክፍሉን ጸጥ አሰኝተው ያሰሟቸው። ርዝመቱ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ትንሽ ነው ብለው አይዘኑ፤ ስፋቱም ውፍረቱም ስለሚጨምር በክብደት ያለው ለውጥ ከርዝመቱ ይበልጣል።

የ«ሐ» ቁራጭ ይለመጣል፤ ጫፍና ጫፉን ቢያቀራርቡት እንደ ቀስት ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ርዝመቱም ክብደቱም ይቀንሳል። «ለ» በመካከላቸው ነው፤ ትንሽ ሊጨምር ወይም ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ልክ ዜሮ ካልመጣ ተሳስተናል ብለው የሚደናገጡ መምህራን አሉ፤ አይደለም። የድንች ሕዋስ ከ1 በመቶ የጨው ውሃ ጋር የሚመጣጠነው በግምት ነው፤ ከድንች ድንች ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ «ውሃ እየገባበት ለምን አይፈነዳም?» ማለቱ አይቀርም። የዕፅዋት ሕዋስ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ አለው። ውሃ ሲገባ ሽፋኑ ግድግዳውን ይገፋል፣ ግድግዳው መልሶ ይገፋል፤ ድንቹን የሚያገትረው ይህ ግፊት ነው። የእኛ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ግድግዳ ስለሌለው በንጹሕ ውሃ ውስጥ አብጦ ይፈነዳል። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ 0.9 በመቶ ጨው እንዲኖረው የሚደረገው ከደም ሕዋስ ጋር እንዲመጣጠን ነው። ተማሪዎቹ ያን ከረጢት በዓይናቸው አይተውታልና ቶሎ ይገባቸዋል።

የሞተ ሕዋስስ? የድንች ጽዋ

ሥራውን የሚሠራው በሕይወት ያለው ሽፋን መሆኑን ለማሳየት ይህን ይጨምሩ። ለመላው ክፍል አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ይበቃል።

1. ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ሦስት ድንቾች ይውሰዱ። አንዱን ብቻ አስቀድመው ይቀቅሉት፤ ሳይፈርስ እስከ ውስጡ መብሰል አለበት። ያቀዝቅዙት።
2. ሦስቱንም እንዲቆሙ ከሥራቸው ጠፍጣፋ አድርገው ይቁረጡ። ውሃ የሚነካውን የታችኛውን ግማሽ ይላጡ። ከላይ በማንኪያ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ የግድግዳውና የሥሩ ውፍረት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከሥር ከተበሳ ውሃው በቀዳዳው ይገባና ሙከራው ውሸት ይሆናል።
3. ሦስቱንም ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ ውሃ ውስጥ በሳህን ያቁሙ። በአንዱ ጥሬ ድንች ጉድጓድና በተቀቀለው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። ሌላውን ጥሬ ድንች ባዶውን ይተዉት።
4. ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይዩ፤ ማደርም ይችላል።

ስኳር ያለበት ጥሬ ድንች ጉድጓዱ በስኳር ውሃ ይሞላል። ባዶው ጥሬ ድንች እንዲያ አይሞላም፤ ውሃውን ያመጣው የስኳሩ ልዩነት እንጂ ድንቹ ብቻውን እንዳልሆነ ያሳያል። በተቀቀለው ውስጥ ስኳሩ ሊረጥብ ይችላል፣ ነገር ግን እንደ ጥሬው አይሞላም። ሽፋኑ ስለፈረሰ ስኳሩን የሚያግድ ነገር የለም፤ ስኳሩም ራሱ ወደ ድንቹ ይሰርጋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በሽምብራ ወይም በባቄላ መዘፍዘፍ ኦስሞሲስን ማሳየት። ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። ደረቅ ጥራጥሬ ውሃ የሚጠጣው በዋናነት ደረቁ ስታርችና ፕሮቲን ውሃን ስለሚመጥጥ ነው፤ የሞተ ፍሬም ያብጣል። ተማሪው ያየው እብጠት እውነት ነው፣ የተሰጠው ምክንያት ግን ስህተት ነው።

ቅርፊቱ በኮምጣጤ የተላቀቀ እንቁላልም ኦስሞሲስን ያሳያል፤ ነገር ግን ውሃውን የሚያሳልፈው የቅርፊቱ የውስጥ ስስ ልባስ እንጂ የሕዋስ ሽፋን አይደለም። ርዕስዎ «ኦስሞሲስ በሕዋስ ውስጥ» ከሆነ ድንቹ ይሻላል።

ቁራጩ ጠቆረ ብሎ መደናገጥ። የተቆረጠ ድንች ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ከኦስሞሲስ ጋር ግንኙነት የለውም። ቆርጠው ሳይዘፍቁ አያቆዩት፤ እየጠቆረ ብቻ ሳይሆን እየደረቀም ይሄዳልና የመጀመሪያው ልኬትዎ ይበላሻል።

«ጨው ገብቶ አከበደው» የሚል ማብራሪያም ከተማሪዎች ይመጣል። ዝም ብለው አይለፉት፤ «ታዲያ ብዙ ጨው ያለበት ለምን ቀለለ?» ብለው መልሰው ይጠይቁ።

ጥንቃቄ

ቢላዋውን እርስዎ ወይም ኃላፊነት የሚሰማው አንድ ተማሪ ብቻ ይያዝ፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አሥር ቢላዋ ማዞር አደጋ ነው። ድንቹን ከቤት ቆርጠው ማምጣት ካስፈለገዎት በክዳን ዕቃ፣ በሶፍት ተሸፍኖ፣ በዚያው ጠዋት ይሁን። ጣቱ የተቆረጠ ተማሪ የጨው ውሃ አይንካ። የተዘፈዘፈውን ድንች ማንም አይብላ፤ የአረንጓዴ ድንች ደግሞ መርዝነት ስላለው ከመጀመሪያውም አያምጡት። የ«ሐ»ን ውሃ በትምህርት ቤቱ አትክልት ላይ አይድፉ፤ በብርጭቆው ውስጥ በድንቹ ላይ የሆነው በሥሮቹ ላይ ይሆናል። ወደ ፍሳሽ ቦይ ይድፉት።

ማይክሮስኮፕ ካለ

ከቀይ ሽንኩርት ሥጋማ ቅጠል ውጫዊ ገጽ ላይ ሐምራዊውን ስስ ልባስ በጥፍር ላጥ አድርገው በመስታወት ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ያስቀምጡ። ቀለሙ በሕዋሱ ውስጥ ስለሆነ ተጨማሪ ማቅለሚያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ሐምራዊው ቀለም ሕዋሱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶት ይታያል። ከዚያ በአንድ ጎን አንድ ጠብታ የ«ሐ» ውሃ ይጨምሩና በሌላው ጎን በሶፍት ጫፍ ውሃውን ይሳቡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ግን በቦታው ይቀራል። በዚያው መንገድ ንጹሕ ውሃ መልሰው ያሳልፉበት። ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ ከሆነ ተማሪዎቹን አሰልፈው ከጨው በፊት አንድ ዙር፣ ከጨው በኋላ ሁለተኛ ዙር እንዲያዩ ያድርጉ፤ አንዴ ብቻ ያየ ተማሪ ምን እንደተለወጠ አያውቅም።